«በዚያ ሰዓት ምን ልትሠሪ ወጣሽ?»

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የ41 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት በሳምንት አራት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ ወጥቼ እሮጣለሁ። አትሌት አይደለሁም፤ ሩጫ የጀመርኩት የደሜ የስኳር መጠን ከፍ እያለ በመምጣቱ ሐኪሜ እንቅስቃሴ እንዳደርግ ስለመከረኝ ነው። ባለፈው ወር አንድ መኪና የፊት መብራቱን አጥፍቶ 200 ሜትር ያህል በእርምጃዬ ልክ ከኋላዬ ሲከተለኝ ቆየና፣ ሹፌሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ደራርቱ፣ ላድርስሽ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጥ ሮጥኩ፤ መኪናው አልፎኝ ማዕዘኑ ላይ ካለው የሱቅ መብራት ሥር ሲደርስም ታርጋውን አነበብኩ። ሲነጋ በአቅራቢያዬ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የሆነውን ስናገር፣ ተረኛው በቅድሚያ የጠየቀኝ ስለ ታርጋው ሳይሆን «በዚያ ሰዓት ምን ልትሠሪ ወጣሽ?» ብሎ ነበር።

በዕለቱ አፌ ተሳስሮ ስለነበር መልሱን እዚህ ልስጥ። ልጆቼን ቁርስ አብልቼ ለትምህርት ቤት ሰርቪስ የማስረክበው 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሲሆን፣ ቢሮ የምገባው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማታ የታክሲ ሰልፍ ጨርሼ ቤቴ ስደርስ ደግሞ መሽቷል። በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ቀድማ አትወጣም፤ በጥር ወር ጭራሽ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትዘገያለች። ስለዚህ እንደኔ ያለች ሴት «ሲነጋ ሩጪ» ስትባል፣ በግልጽ አማርኛ የተነገራት «አትሩጪ» ነው። «ባልሽን ይዘሽ ውጪ» የሚሉኝም አሉ። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ከተኙት ልጆቻችን ጋር መቅረት አለበት፤ ደግሞም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በኋላ ሊከተለኝ አይችልም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ማለት ይኖርብኛል። ታክሲ ተራውን ሳልፍ ረዳቶቹ «በርቺ ጥሩነሽ!»፣ «አይዞሽ ደራርቱ!» ይሉኛል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስም፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ የኔን ቀርፋፋ እርምጃ ሲያበረታታ ደስ ይለኛል፤ እንዲያውም ፍጥነት የምጨምረው እዚያ ተራ ላይ ብቻ ነው። ያው ስም ግን ሰው በሌለበት መንገድ፣ ቀስ ብሎ ከሚሄድ መኪና ውስጥ ሲጠራ ሌላ ነገር ይሆናል። ልዩነቱን ሴት ልጅ ከድምፁ ትለየዋለች፤ በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱም «ደራርቱ አለኝ» ተብለው ይጻፋሉ። የተረኛው ሁለተኛ ጥያቄ፣ «ከዚህ ሌላ ምን አደረገሽ?» የሚለው፣ የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል። «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በሚካሄድበት ዕለት በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ዋናውን መንገድ ሞልተው ሲሮጡ መኪና ይታገድልናል፣ ፖሊስም ዳርና ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። እኔም ሦስት ጊዜ ተሳትፌበታለሁ። በማግስቱ ሰኞ ግን የምሮጠው ብቻዬን ነው።

ጥንቃቄ ይጎድላታል የሚል አንባቢ ካለ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አላደርግም፣ የምሄድበትንና የምመለስበትን ሰዓት ለባለቤቴ እነግራለሁ፣ መንገዴን እቀያይራለሁ፣ ስልኬም ወገቤ ላይ ነው። ለውሾቹ ሁለት ጠጠር እይዛለሁ። አንዱ ቢነክሰኝ እንኳ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቤ ሳልዘገይ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እዚያ ስደርስም ክትባቱን ከመስጠታቸው በፊት በዚያ ሰዓት ምን ልሠራ እንደወጣሁ የሚጠይቀኝ አይኖርም። ደግሞስ ጥፋተኛው ሰዓቱ ነውን? በጥር 2014 ዓ.ም. በአየርላንድ፣ ተላሞር በምትባል ከተማ፣ አንዲት የ23 ዓመት መምህርት በውሃ ቦይ ዳር ስፖርት ልትሠራ በወጣችበት የተገደለችው ገና ሳይመሽ፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

በሠፈሬ ያለውን ችግር በተመለከተ፣ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው ዋና መንገድ ሰፊ የእግረኛ መሄጃና በቂ መብራት ስላለው እዚያ ከደረስኩ በኋላ ስጋት የለብኝም። ስጋቴ ከቤቴ እስከዚያ ድረስ ያለው 800 ሜትር የሚሆን የውስጥ መንገድ ነው። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፤ ከዘጠኙ የሚበሩት ግን ሁለት ናቸው። ያንን መንገድ ማለዳ የምትጠቀመው ሯጭ ብቻም አይደለችም፤ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን የሚያደርሱ እናቶች፣ ሌሊት ፈረቃ ያደሩ ነርሶች፣ አትክልት ለማምጣት ወደ ገበያ የሚወርዱ ነጋዴዎች በዚያው ያልፋሉ። ከ800 ሜትሩ ውስጥ ልቤ የሚረጋጋው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያላለቀ ፎቅ የሚጠብቁ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ያነደዱትን እሳት ይሞቃሉ። ኮቴዬን ሲሰሙ የእጅ ባትሪያቸውን እግሬ ፊት ያለው ጉድጓድ ላይ ያበሩና «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ዛሬ ዘገየሽ» ይሉኛል። እስካጥፍ ድረስ መብራቱን አያጠፉም። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው የለም፤ ፎቁ ሲያልቅ ግን እሳቸውም ይሄዳሉ።

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት የተተከሉትን ምሰሶዎች እንዲያበሩልን፣ ፖሊስ ጣቢያዎችም እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲቀርብ ሴቲቱን ስለ መውጫ ሰዓቷ ከመመርመራቸው በፊት ጊዜውን፣ ቦታውንና የታርጋውን ቁጥር እንዲመዘግቡ በጋዜጣዎ በኩል እጠይቃለሁ። አንድ መኪና በአንድ ሠፈር ሦስት ሴቶችን ቢከተል፣ ሦስቱ አቤቱታዎች ጎን ለጎን ካልተጻፉ በቀር የሚያገናኛቸው አይገኝም። የኔን የጻፈው የለም። ቁጥሩን ግን ስልኬ ላይ መዝግቤ አስቀምጫለሁ፤ መዝገብ የሚከፍትልኝ ካለ ዛሬም ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል
ከአዲስ አበባ