ተናደሽ እንዳትለቂ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ብቻ አላስተኛ ብሎን ማታ ማታ ግቢው ላይ ውሃ እየረጨን ፍራሽ አውጥተን ነው የምናድረው።

ባለፈው እሁድ ስደውልልሽ ምን ብለሽ እንዳነሳሽ ታስታውሻለሽ? «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?» አልሽኝ። እኔ እናትሽ ነኝ! ወዲያው ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን እንባዬ መጣ። በማግስቱ አክስትሽ ደውላ የጥሪ ማዕከሉን ሥራ ልትለቂ እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንዳጣሽ፣ ግራ ጆሮሽም እንደሚጮህብሽ ነገረችኝ። ይሄን ለምን ከሌላ ሰው እሰማለሁ?

ልቀቂም አትልቀቂም አልልሽም። ተናደሽ ግን እንዳትለቂ።

ሰው «ቁጭ ብሎ ስልክ ማንሳት ምን ይከብዳል» ይላል። አያውቅማ። አንዱ እናት አባትሽን ይሰድባል፣ መልስ መስጠት አይፈቀድልሽም፣ አንቺው ይቅርታ ጠይቀሽ ትሸኚዋለሽ፣ ገና ልብሽ ሳይረጋ ሌላው ይገባል። ንግግርሽ ይቀዳል። አንዱን ደንበኛ በስንት ደቂቃ እንደጨረስሽ ይቆጠራል። ሽንት ቤት የሄድሽበት ሳይቀር ይመዘገባል ብለሽኛል። የሚደውሉት ባሕር ማዶ ስለሆኑ የእነሱ ቀን ያንቺ ሌሊት ነው። ሁለት ዓመት የሠራችውና ትናንት የገባችው ደግሞ ደሞዛቸው እኩል። አብረውሽ ከገቡት 20 ልጆች 6 ብቻ ቀረን ስትዪኝ አልገረመኝም። ሰነፎች ሆነው አይደለም የሄዱት። አንድ አለቃ ጠርቶ «ምን ሆናችሁ ነው?» ቢላቸው ግማሹ ይቆይ ነበር።

እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም።

ይሄን ነግሬሽ አላውቅም። ሳምቡሳ መጥበስ ከመጀመሬ በፊት፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ እዚሁ ድሬ ከዚራ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ፊቴ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ፣ ገመዱን ከአንዱ እየነቀልኩ ሌላው ላይ እሰካለሁ። ከጅቡቲ የሚደውሉ ነጋዴዎች ድምፄን ለይተው በስሜ ይጠሩኝ ነበር። አንድ ቀን መስመር ተቋረጠ። ጥፋቱ የኔ አልነበረም። አለቃዬ እንግዳ ፊት ሰደበኝ። ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ቦርሳዬን እንኳ ሮጦ ያመጣልኝ ዘበኛው ነው። በከዚራ ዛፎች ሥር እያለቀስኩ እስከ ደቻቱ በእግሬ ሄድኩ። የወሩን ደሞዜን ለመቀበል አልተመለስኩም፣ የሥራ ልምድ ወረቀትም አልጠየቅኩም፣ እልህ ያዘኝ። በኋላ አንድ ሆቴል ኦፕሬተር ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። «ማስረጃሽ የታለ?» አሉኝ። 5 ዓመት ሠርቼ አንድ ወረቀት የለኝም። በዚያው ቀረሁ። ሳምቡሳው አሳድጎሻል፣ አላፍርበትም። ግን ያንን ሥራ እወደው ነበር ልጄ፣ ድምፄንም እወደው ነበር።

ስለዚህ ተናደሽ እንዳትለቂ። አጎትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አንብቦልኛል፣ 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜሽን ስለጨረስሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ። ኮፒው ላይ አስፈርሚና ያዢ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ስጡኝ በዪ፣ መብትሽ ነው። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሻል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሠራሽው ትርፍ ሰዓት የሰዓት ደሞዝሽ በ1.75 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው፣ የደሞዝ ወረቀትሽን አውጥተሽ እይው። አጉድለውብሽ ከሆነ አሁን ጠይቂ፣ ከወጣሽ በኋላ ማን ይሰማሻል?

ጆሮሽን ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ይየው። አክስትሽ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጨምሪበት ብትልሽ እንዳትሰሚያት። ብር ካነሰሽ ንገሪኝ። ማዳመጫውንም ወደ ቀኝ አዙሪው።

መምጣት ከፈለግሽ አልጋሽ እንዳለ ነው፣ አቦ ቤትሽ ነው፣ ማንም ለምን መጣሽ አይልሽም። ግን ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ። ሰድበውሽም ቢሆን፣ አስለቅሰውሽም ቢሆን፣ ተናደሽ እንዳትወጪ። ሂጂ ታጠቢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ለኔ ደውዪ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

በርበሬና ቅቤ በባስ ልኬልሻለሁ፣ ሐሙስ ከመናኸሪያ ተቀበዪ፣ ስልክሽ ክፍት ይሁን። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ከጻፍሽ ደግሞ ሳታስገቢው በፊት ደውለሽ አንብቢልኝ።

እናትሽ