ሰርቨር ሲገዛ «ስንት ቴራባይት» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ይህ ደብዳቤ በኮምቦልቻና በደሴ የሽያጭና የምርት መረጃ መተንተኛ ሰርቨር ለመግዛት የጨረታ ሰነድ ለሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች፣ አከፋፋዮችና መሥሪያ ቤቶች ነው። ሰነዱ ላይ «4 ቴራባይት ዲስክ» ተብሎ ከተተወ አቅራቢው አንድ ትልቅና ርካሽ ዲስክ ቢያመጣም ውሉን አሟልቷል፤ መከራከሪያ የለም።

አንድን ዲስክ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ብሎ በፓርቲሽን መቁረጥ ፍጥነት አይጨምርም። ፊደሉ ሦስት ቢሆንም የሚያነበውና የሚጽፈው ያው አንድ ዲስክ ነው፤ ሲበላሽም ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። የፓርቲሽን ጥቅሙ አንዱ ክፍል ሲሞላ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። ሎግ ፋይል (ዳታቤዙ ለውጦችን የሚመዘግብበት) ሲ ላይ ተቀምጦ ከሞላ ዊንዶውሱም ይቆማል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለውን የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም ለሚጠቀም መካከለኛ ድርጅት የምንመክረው ይህን ነው፦ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሙ ሁለት 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) በሬይድ 1 (ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት ቅጂ ሲይዙ)፣ ለዳታ አራት 960 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በሬይድ 10 (ዳታው በጥንድ በጥንድ ቅጂ በያዙ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ሲጻፍ)፣ ለሎግና ለቴምፕዲቢ (የኤስኪውኤል ሰርቨር ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ሌላ ሁለት ኤስኤስዲ በሬይድ 1፣ ሎጉና ቴምፕዲቢው በየራሳቸው ፓርቲሽን። ቴምፕዲቢን ማንም አይናቅ። ሪፖርቱ ብዙ ረድፍ ሲደረድርና ሲያጣምር ከሜሞሪ የተረፈው የሚፈሰው ወደ እሱ ነው፤ መጠኑ ካልተገደበ ዲስኩን እስኪሞላ ያድጋል።

ሬይድ 5 (የአንዱን ዲስክ ያህል ቦታ ብቻ ለመጠገኛ መረጃ የሚይዘው) ከአራቱ ዲስኮች የሦስቱን ቦታ ስለሚሰጥ ገዢን ይማርካል። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ለውጥ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ሬይድ 10 ሁለት ጊዜ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል። ሌሊት መረጃ ሲጫን ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

ቦታውን ዛሬ ባለው ዳታ አትለኩ። 200 ጊጋባይት ዳታ በዓመት 30 በመቶ ካደገ ከ3 ዓመት በኋላ 440 ገደማ ይሆናል። ኢንዴክስ (ዳታ ቶሎ የሚፈለግበት ማውጫ) እንደገና ሲገነባ አሮጌውና አዲሱ ለጊዜው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ቢያንስ የትልቁን ኢንዴክስ ያህል ባዶ ቦታ ይተው። የዳታና የሎግ ፓርቲሽን በ64 ኪሎባይት አሎኬሽን ዩኒት (ለፋይል ቦታ የሚሰጥበት ትንሹ ቁራሽ) ፎርማት ይደረግ፤ የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት የሆነው ኤንቲኤፍኤስ ካልነገሩት በአብዛኛው 4 ኪሎባይት ይወስዳል፣ በኋላ ለመቀየር ደግሞ ዳታውን በሙሉ ማውጣት ግድ ነው። ከ2 ቴራባይት ለሚበልጥ ዲስክ አዲሱ የፓርቲሽን አመዘጋገብ ጂፒቲ እንጂ አሮጌው ኤምቢአር አይሠራም። ፋይሎቹ የሚያድጉበት መጠንም በመቶኛ ሳይሆን በሜጋባይት ይወሰን።

ሎጉ ያለልክ የሚያብጥበት የተለመደ ምክንያት ዳታቤዙ በፉል ሪከቨሪ (ቅጂው እስኪወሰድ ሎጉን በሙሉ በሚያቆይ አሠራር) ሆኖ የሎግ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለመወሰዱ ነው። ዲስክ መጨመር ይህን አይፈታውም። ወይ የሎግ ባክአፕ በየጊዜው ይወሰድ፣ ወይ ዳታው ከምንጩ እንደገና ሊጫን የሚችል ከሆነ ወደ ሲምፕል ሪከቨሪ (ያለቀለትን ሎግ ራሱ ወደሚያጸዳ አሠራር) ይቀየር።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስኮቹን በሚያስተባብረው የሬይድ ካርድ ካሽ (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ውስጥ ያለ፣ ግን ዲስክ ላይ ያልደረሰ መረጃ ይጠፋል፤ ዳታቤዙ ግን እንደተጻፈ ቆጥሮታል። ስለዚህ ካርዱ ካሹን በባትሪ ወይም በፍላሽ የሚጠብቅ፣ ኤስኤስዲዎቹም የኃይል መቋረጥ መከላከያ ያላቸው መሆናቸው በሰነዱ ይጻፍ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ ምልክት የሚልክ ይሁን።

ሬይድ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ሠንጠረዥ ከሁሉም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል። ሰርቨሩ ኮምቦልቻ ከሆነ አንድ ቅጂ ደሴ ይቀመጥ፣ ደሴ ከሆነ ኮምቦልቻ፤ በወር አንድ ጊዜም ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ይሞከር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳታቤዝ ባለሙያዎች፣ ኮምቦልቻ