ጉዳዩ፦ ተከፍሎበት ስላልተቀየረ የጣሪያ እንጨት

ሐዋሳ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤታችንን ለጠገነው የጣሪያ ሥራ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ባለፈው ሚያዝያ በታቦር ክፍለ ከተማ የሚገኘውን መኖሪያ ቤታችንን ጣሪያ እንድትጠግኑልን ተዋውለን ነበር። በውሉ መሠረት በጓሮ በኩል የበሰበሱት 14 ሞራሌዎች ወርደው በአዲስ ሊተኩ፣ የዛገው አሸንዳ ሊለወጥና ቆርቆሮው ተመልሶ ሊመታ ነበር። 38,000 ብር ከፍያለሁ፤ ግማሹን አስቀድሜ፣ ቀሪውን ሥራው አልቋል በተባለ ዕለት።

ሐምሌ 6 ሌሊት ከሐይቁ አቅጣጫ ነፋስ ተነሥቶ ዝናቡ ሲበረታ አንዱን ቆርቆሮ ገነጠለው። ውሃው በኮርኒሱ አልፎ እናቴ አልጋ ላይ ወረደ። ጠዋት ግቢው ውስጥ የወደቁትን ምስማሮች ለቅሜ አየሁ፤ አንዱም አልተጣመመም። ጤነኛ እንጨት የያዘው ምስማር እንዲህ እንደ ቅቤ ተስቦ አይወጣም።

የሰፈራችንን አናጺ ይዤ ወጣሁ። ሞራሌዎቹ ጠቁረው ያብረቀርቃሉ፤ የተቃጠለ ዘይት ተቀብተዋል። ዘይቱ ጤነኛ እንጨትን ከምስጥ ለመከላከል እንደሚቀባ እኔም አውቃለሁ፤ የበሰበሰውን ግን መልሶ አያጠነክርም፣ ከዓይን ይሸፍነዋል እንጂ። አናጺው ካቻቢቴውን ሲሰካበት እስከ እጀታው ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው።

ከዚያ በኋላ ወደ ቆጠራ ገባን። ጣሪያው ላይ አዲስ የሆነው ሞራሌ አምስት ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ሠራተኞቻችሁ ያወረዱትን አሮጌ እንጨት ለማገዶ ይሆነኛል ብላ ከኩሽናው ጀርባ አስደግፋው ነበር፤ ደረቅ አልሆን ብሏት አንዱንም አላነደደችም። እሱም አምስት ነው። ዘጠኙ እዚያው ከላይ አሉ፣ ዋጋቸው ግን ተከፍሏል።

አሸንዳው ተለውጧል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያዘነበላችሁት ወደ መውረጃው ቱቦ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ጥግ ነው። ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ ወደ ኋላ ይመለስና የጣሪያውን ጫፍ እንጨት ያርሳል። የፊተኛውን እንጨት ያበሰበሰው ይኸው ነበር። ደረቅ ሆኖ የኖረ እንጨት አይበሰብስም፤ ከቆርቆሮ ሥር ረጥቦ መድረቂያ ያጣ ነው የሚበሰብሰው። እንዲህ ከቀጠለ አዲሶቹ አምስቱም ብዙ አይቆዩም።

ለሥራ ኃላፊያችሁ ብደውልለት «ጋሼ፣ ክረምት እኮ ነው፤ የማያፈስ ቤት የት አለ?» አለኝ። ክረምት እንደሚመጣ አውቄ አይደለም እንዴ በሚያዝያ ያሠራሁት?

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ነገ ዛሬ ሳትሉ በተገነጠለው ቦታ ላይ ሸራ አልብሱልን። ዝናቡ ጋብ ባለበት የመጀመሪያ ቀን፣ ቢዘገይ እስከ ሐምሌ 24፣ ዘጠኙን ሞራሌዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀይሩ፤ አሸንዳውን ወደ ቱቦው አዘንብሉ፤ የተበላሸውን ኮርኒስም ጠግኑ። እንጨቱ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ቢመታበት ሲደርቅ ተጣሞ ምስማሩን ይለቃል፣ ከዚያም እንደገና ደብዳቤ ልንጻጻፍ ነው። ይህን ማድረግ ካልፈለጋችሁ የዘጠኙን ሞራሌዎች ዋጋና የእጅ ሥራውን ገንዘብ መልሱልኝ፣ በሌላ አናጺ አሠራዋለሁ።

ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ። የውሉንና የደረሰኙን ቅጂ፣ የጣሪያውንም ፎቶግራፎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

የምትልኩት ሰው መሰላል ይዞ ይምጣ። አምስቱን አሮጌ እንጨቶች ደግሞ እናቴ «እስኪቆጥሯቸው አይነኩም» ብላለች፤ ከኩሽናው ጀርባ ያገኛቸዋል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ