ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑን ደህና እያየ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የጤና ዓምዳችሁን አነባለሁ፣ ስለ ስኳር በሽታ ስትጽፉ ስለ ምግቡም ስለ እግር ቁስሉም በደንብ ትጽፋላችሁ፣ ዓይን ጋ ስትደርሱ ግን "ለዓይነ ስውርነትም ይዳርጋል" ብላችሁ በአንድ መስመር ታልፉታላችሁ። እኔ የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ፣ እንዴት እንደሚዳርግ ካልተነገረው ሰው አይመጣም፣ የሚመጣው ማየት ሲያቅተው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በጣም ቀጫጭን የደም ስሮች ላይ ነው። ሬቲና የሚባለው ከዓይናችን በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ለመጠኑ ኦክስጅን በጣም ይፈጃል፣ ያንን የሚያደርሱለት እነዚህ ስሮች ናቸው። ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የስሩን ግድግዳ ደግፈው የያዙ ፔሪሳይት የሚባሉ ሴሎች ይሞታሉ፣ ከዛ ግድግዳው እንዳረጀ ጎማ እዚህም እዚያም ያብጥና ፈሳሽና ቅባት ማስወጣት ይጀምራል። ፈሳሹ ማኩላ የሚባለው መሃለኛው ቦታ ላይ ከተጠራቀመ ማንበብም የሰው ፊት መለየትም ያስቸግራል።

ሌላው ደግሞ መዘጋቱ ነው፣ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ስሮቹ ተዘግተው ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል ቪኢጂኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፣ ሥራው አዲስ ስር ማብቀል ነው፣ ስሩም ይበቅላል ግን ያለ ቦታው ነው፣ ደካማም ነው፣ በቀላሉ ይደማል፣ ያኔ ሰውየው ድንገት ጥቁር ነገር ይንሳፈፍብኛል ይላል ወይ ጭራሽ ይጨልምበታል። ቀስ እያለ ደግሞ ጠባሳ ይሠራና ሬቲናውን ጎትቶ ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እየሆነ አያምም፣ አይቀላም፣ መሃሉ እስካልተነካ ድረስ እይታውም ላይቀንስ ይችላል። እማማ ዓይንዎን ታይተው ያውቃሉ ስላቸው "ኧረ ልጄ እኔ እኮ አሁንም መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ" የሚሉኝ እናቶች አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን ጠብታ አድርገን ፎቶ ስናነሳ ሬቲናው ደምቶ እናገኘዋለን። ሌላው ደግሞ ሲደበዝዝበት መነጽር ቤት ይሄዳል። ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስ ስለሚያብጥ የመነጽር ቁጥርም ይለዋወጣል፣ አዲስ መነጽር ያደርግና ትንሽ ሲሻለው ይተወዋል፣ ሬቲናውን ግን ማንም አላየለትም። ክትትል ላይም ብዙ ቦታ ስኳር ይለካል፣ ግፊት ይለካል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ዓይንህን መቼ ታየህ ብሎ የሚጠይቅ የለም!

መፍትሔ የሌለው ቢሆን እኮ ዝም እል ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ትልቅ ጥናት ላዘር ከባድ የእይታ ማጣትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ታይቷል፣ አሁን ደግሞ ቪኢጂኤፍን የሚያግዱ እንደ አቫስቲን ያሉ መርፌዎች አሉ። ዓይን ውስጥ መርፌ ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ ግን አስቀድሞ በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ላዘር የጠፋውን እይታ እንደማይመልስ ግን በግልጽ መነገር አለበት፣ የሚያተርፈው ያለውን ነው፣ ለዚህ ነው በጊዜው ኑ የምንለው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው፣ ዓይናቸው ገና ያልተነካ ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ በሽታው ዓይናቸው ላይ የመጀመሩ ዕድል በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የደም ግፊትም መያዝ አለበት፣ እነዚህን ስሮች እሱም ይጎዳቸዋል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ በጣም ከፍ ያለ ስኳር በኢንሱሊን በፍጥነት ሲወርድ ዓይኑ ለጊዜው ሊባባስ ይችላል፣ ስለዚህ ኢንሱሊኑን ሳይተዉ ዓይንን አብሮ መታየት ያስፈልጋል።

እንግሊዝ ሀገር ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እየጠሩ የዓይናቸውን ፎቶ የሚያነሱበት ብሔራዊ ፕሮግራም አላቸው። እዛና ዌልስ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች ዋናው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ለአሥርት ዓመታት ይሄው በሽታ ነበር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ግን ከአንደኝነቱ ወርዶ ተገኘ፣ አጥኚዎቹ ለዚህ አንዱ ምክንያት ምርመራው ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። እኛም ሀገር ስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ አንድ ካሜራና ፎቶውን ማንበብ የሰለጠነ ባለሙያ ቢኖር ስንት ሰው በጊዜ ይያዝ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ የዓይን ሐኪም አነጋግሩና ማን መቼ መታየት እንዳለበት በትልቁ ጻፉልን። ዓይነት 2 ከሆነ ስኳሩ እንደተገኘ ወዲያው ነው፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ ዓይነት 1 ከሆነ በ5 ዓመት ውስጥ፣ ከዛ በኋላ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ስኳር ያለባት እናት ካረገዘች ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪና እንዳይነዱ፣ የሚመልሳቸው ሰው ይዘው እንዲመጡም ጨምሩበት፣ ብቻቸውን መጥተው መንገድ መሻገር የሚቸገሩ አባቶች ብዙ ናቸው።

አንዲት የዓይን ክፍል ነርስ
ከአዲስ አበባ