የክረምቱ ቲያትር ወደ ጥር አይዛወር

ለአዘጋጁ፣

በጎ ፈቃደኞች በጎንደር የሚያዘጋጁት የክረምት የቲያትር ፌስቲቫል ዝናብ ስለሚያውከው ወደ ጥምቀት ሰሞን ይዛወር የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤያለሁ። አልስማማም። ተዋናዮቹ በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ጥር 11 ሲደርስ ግማሾቹ በየዩኒቨርሲቲው ተበትነዋል፤ የቀሩትም ክፍል ውስጥ ናቸው። የትምህርት ቤት አዳራሽ ባዶ የሚሆነውም ሐምሌና ነሐሴ ነው። በጥር እንግዳ ይበዛል መባሉ እውነት ነው፤ እንግዳው ግን የሚመጣው ለጥምቀት ነው።

ዝናቡ ችግር መሆኑን አልክድም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የፊት ወንበር የያዘ ሰው እንኳ ቃል አይሰማም። ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ በሁለቱ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ በነፃ ይፍቀድ፤ ትርኢቱም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጀመር።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር