የሞሊኒየር መቀስ ተረስቷል

ውድ አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊና ፎቶ አንሺ ፒየር ሞሊኒየር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ነውሩ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። የሴት ስቶኪንግ መልበሱ፣ ታኮ ጫማው፣ ጭምብሉ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1976 በፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ ውስጥ ራሱን ማጥፋቱ። ስለ እጁ ሥራ ግን አንድ መስመር የለም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ የስንቱን ጠባሳ አጥፍቻለሁ። ለየብቻ የተነሱ ባልና ሚስትን አንድ ፎቶ ላይ አጋብቻለሁ። እናም የሞሊኒየርን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው መገጣጠሚያውን ነው። አላገኘውም!

ሰውየው ካሜራ ፊት የሚቆመው ራሱ፣ የሚያነሳውም ራሱ ነው። ፎቶውን ያትምና እግሩን፣ ፊቱን፣ እጁን በመቀስ ይቆርጣል። ቁርጥራጩን እንደገና ይደረድራል፤ ጠርዙን ይነካካል፤ ከዚያ መልሶ በካሜራ ያነሳዋል። አንድ ገላ ላይ እግር በእግር ላይ ይበቅላል። ወንድ ይሁን ሴት ግራ ይገባችኋል። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ እዚያው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ነው ይህን ሁሉ የሚሠራው። ጠርዙ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ከቀረች ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው። የሠራበት ያውቀዋል።

ደግሞ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1900 አዤን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወልዶ ለዓመታት እንጀራውን የበላው ቤት በመቀባት ነው። የግድግዳ ቀለም ቀቢ! ይህንንም ዘለላችሁት።

ሥዕሎቹ እንኳ እንደ ፎቶዎቹ አልገቡልኝም። እምነቴን የሚነካም አለበት፤ እሱን ቤቴ አልሰቅልም። ሕልም የሚመስል ሥራ የሚሠሩት የሱሪያሊስቶቹ አለቃ አንድሬ ብሬቶን ግን ወዶለት እ.ኤ.አ. በ1956 ፓሪስ ላይ አሳይቶለታል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1951 ቦርዶ ላይ «ታላቁ ፍልሚያ» የተባለው ሥዕሉ ነውር ነው ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። እሱም ዝም አላለም፤ ደብዳቤ ጽፎ ልክ ልካቸውን ነገራቸው። ለነገሩ የተሸፈነ ሥዕል ገልጦ ማየት የማይፈልግ ማን አለ?

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ስታቀርቡ ጋዜጠኛችሁን ከአንድ የድሮ ፎቶ አንሺ ጋር አገናኙት። ሻይ በእኔ ነው።

ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ፣ ከፒያሳ