ድምፁን አትጨምር

የኔ ልጅ፣

እንኳን ለአዲሱ ቤትህ አበቃህ። ሳሎኑ አዳራሽ ያህላል ብላ እህትህ ነገረችኝ። ሆርን ስፒከር፣ ያን እንደ መለከት አፉ የሚሰፋውን፣ ልታስገባበት ነው ስትለኝ ግን ሆዴን ባር ባር አለው።

ምርጫህ መጥፎ አይደለም። ተራ ስፒከር 1 ዋት ኃይል ስትሰጠው፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ 87 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ትልልቆቹ ሆርኖች 100ን ያልፋሉ። የ10 ዴሲቤል ልዩነት በዋት ሲቆጠር 10 እጥፍ ነው። ስለዚህ ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየር ግዙፍ አትግዛ፤ ጸጥ ያለ ግዛ። ሺ የሚል ከሆነ ሆርኑ ጉዱን ያወጣዋል። ሙዚቃ ሳትከፍት ጆሮህን ጠጋ አድርገህ ስማው።

ድምፁን ግን አትጨምር። ተራ ስፒከር ሲበዛበት ይንጫጫል፣ አንተም ትቀንሳለህ። ሆርን ጥርት እንዳለ ይቀጥላል፤ መጮኹ አይታወቅህም። 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት! አንተ ደግሞ አንዴ ከተቀመጥክ መቼ ትነሳለህ?

አያትህ ሲኒማ ቤት በነበረ ጊዜ ከስክሪኑ ጀርባ የቆሙት ሆርኖች ከኔ ቁመት ይበልጡ ነበር። የዚያን ዘመን አምፕሊፋየር አቅሙ ትንሽ ነው፤ አዳራሹን የሚሞላው ሆርኑ ነበር። ፊልሙ እየታየ መዳፉን የሆርኑ አፍ ላይ ያደርግና «ይሄኛው ደህና ነው» ይላል። ጆሮው እዚያው ነው የቀረው። መጀመሪያ ቀጫጭን ድምፅ ጠፋበት፣ የሴትና የልጅ። አንተ አፍህን ስትፈታ አጠገቡ ተቀምጠህ ነው። «ምን አለ?» ይለኛል። «ምንም አላለም» እለዋለሁ፣ መድገም ሰልችቶኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ብዙ ነገር ትለው ነበር እኮ።

በቃ፣ ወደ ስፒከሩ። ያን ከእ.ኤ.አ. 1946 ጀምሮ የሚሠራውን ክሊፕሽሆርን የሚባል ትልቅ ሆርን ስፒከር ካሰብክ፣ እሱ የክፍሉን ጥግ የራሱ አካል አድርጎ ነው ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚያወጣው። ጥግህ ላይ በር ወይም መስኮት ካለ ተወው። «ትንሽ ሆርን ነው፣ ቤዙ ግን ታች ድረስ ይወርዳል» የሚልህን አትስማ። የ30 ኸርዝ ሞገድ ከ11 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ በትንሽ አፍ አይወጣም። ሰብዉፈር፣ ለቤዝ ብቻ የተሠራውን ስፒከር፣ ጨምርበት። ወንበርህን ደግሞ ራቅ አድርግ፤ ከቀረብክ የላይኛውና የታችኛው ሆርን ለየብቻ ይሰሙሃል።

ስልክህ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫን። ስፒከሩ አጠገብ ሳይሆን ከምትቀመጥበት ለካ። 80 ካለፈ ቀንስ። እንግዳ መጣ ብለህም አትጨምር። ጎረምሳ ጓደኞችህን አውቃቸዋለሁ፣ «ትንሽ ከፍ አድርገው» ይሉሃል። እንዳትሰማቸው።

ደግሞ ሳታዝ በፊት የበሩን ስፋትና የደረጃውን መታጠፊያ ለካ። የሶፋውን ጉድ አልረሳሁትም።

እናትህ